ነፋስና በረዶ በሚበረታበት አገር የቈርቈሮ ቤት ስለ መምረጥ

ሰው ቤት ሲያሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መልኩና ስለ ስፋቱ ነው። ስለ ጽናቱ ማሰብ የሚጀምረው ግን ብዙ ጊዜ ነፋስ ክዳኑን ከወሰደው በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በእኛ ላይ ተፈጽሟል። ነገሩን ሸሽገን ከምንኖር ይልቅ ለክቡራን አንባቢዎች ብንገልጸው፣ ምናልባት የአንድ ቤተ ሰብ ክዳን፣ ከዚያም የሚበልጥ የአንድ ሕፃን አካል ይድናል በማለት ይህን ጻፍን።

ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነው። ቤት አሠሪና ሠራተኛ ተካሰው ሲመጡ፣ «ይህ ነገር በውሉ ተጽፏልን?» ተብሎ በዳኞች ሲጠየቅ ከመዝገቡ ፈልገን የምናወጣ እኛ ነን። ያላነበበ ሰው የሚደርስበትን ጉዳት ከሌላው ይልቅ ልናውቅ ይገባን ነበር። ዳሩ ግን ለእናታችን ቤት ስንሠራ ሳናነብ ገዛን፤ ሳንጽፍም ተዋዋልን።

እናታችን የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር በሚወስደው መንገድ፣ ከገደሉ አፋፍ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ያን አገር የሚያውቅ ሰው ነፋሱን ያውቃል። ደጋው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በምሥራቅ በኩል ምድሩ በአንድ ጊዜ ተቈርጦ ወደ ቆላ ይወርዳል። ነፋስ ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ከአፋፉ ላይ ሲደርስ ይጠብና ይፈጥናል። በበልግና በክረምት መግቢያም ነጐድጓድና በረዶ አብረውት ይመጣሉ።

አባታችን የሠሩት የቀድሞው ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር፣ ቅርጹም ክብ ነበረ። ነፋሱ ሲመጣ የሚይዘው ማዕዘን አጥቶ በዙሪያው ያልፍ ነበር። ነገር ግን ግጦሹ ሁሉ እየታረሰ የክዳን ሣር ከጠፋ፣ ቢገኝም ዋጋው ከከበደ ወዲህ ክዳኑ በጊዜው ሳይታደስ ቀረ። ዝናብ ማፍሰስ ጀመረ። እናታችንም መብረቅ በታየ ቍጥር ሣሩ እሳት እንዳይዝ በመፍራት ሌሊቱን ተቀምጠው ያድሩ ነበር። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. እኛ ልጆቻቸው ተሰብስበን ሣሩ ወርዶ የቈርቈሮ ቤት እንዲሠራላቸው ቈረጥን።

ቈርቈሮ በአገራችን የክብር ምልክት ሆኖ ቈይቷል። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቈርቈሮ እየበዛ ሄዶ፣ ከተማው የጭቃ ግድግዳና የቈርቈሮ ክዳን ከተማ ሆነ። ከዚያም ወደ ባላገር ተዳረሰ። ዛሬም በገጠር የአንድ ሰው ሀብት ሲነገር «የ60 ቈርቈሮ ቤት ሠራ» ይባላል እንጂ፣ ክዳኑ በስንት ምስማር እንደ ተያዘ ሲጠየቅ ሰምተን አናውቅም። እኛም የተመኘነው ይህንኑ የ60 ቈርቈሮ ቤት ነበር።

ከታናሽ ወንድማችን ጋራ ወደ አንድ ነጋዴ መደብር ሄድን። ሁለት ክምር ቈርቈሮ ነበረ። የአንደኛው ዋጋ ከፍ ያለ፣ መልኩም ደብዘዝ ያለ ነው። ሁለተኛው ረከስ ያለና እንደ መስተዋት የሚያበራ ነው። በውዱ ጫፍ ላይ 28፣ በርካሹ ላይ 35 የሚል ቍጥር ታትሟል። ወንድማችን ቍጥሩ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ ነጋዴው «ሁሉም ያው ነው» አለው። እኛም 35 ከ28 ስለሚበልጥ በርካሽ ዋጋ የሚበልጠውን ያገኘን መስሎን ደስ አለን። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነበረ። በቈርቈሮ ሚዛን ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ ይሳሳል።

ቤቱም ተሠራ። ቈርቈሮ እንዲቈጥብ ብለን ክዳኑን ለጥ ያለ አደረግነው፤ በሁለት ወገን ብቻም እንዲወርድ አደረግን። እናታችን ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆላውን እንዲያዩ ብለን የክዳኑን ጫፍ በምሥራቅ በኩል ከግድግዳው ሁለት ክንድ አስወጣነው። በር የከፈትነውም ወደዚያው ወደ ገደሉ ነው። ቤቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ከመኪና መንገዱ ላይ ይታይ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ መረቀን፤ እኛም ምርቃቱን ተቀበልን።

በ2005 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቈረ። መጀመሪያ በረዶ ወረደ። ቀጥሎ ነፋሱ በሩን በርግዶ ገባ። እናታችን እንደ ነገሩን፣ ክዳኑ ከበሮ እንደሚመታ ሆኖ ሩብ ሰዓት ያህል ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ከምሥራቁ ጫፍ አንዱ ቈርቈሮ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በዚያ ሰዓት የእኅታችን ልጅ፣ የ9 ዓመት ብላቴና፣ ጥጃ ለማስገባት ወደ ደጅ ወጥቶ ነበር። በነፋስ የሚበር አንድ ቈርቈሮ መጥቶ እግሩን ከጕልበቱ በታች ቈረጠው። ጐረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ከመኪና መንገድ አደረሱት፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩም አልተቈረጠም። ነገር ግን ጅማቱ ስለ ተጐዳ እስከ ዛሬ ያነክሳል። እናታችን ሌሊቱን ክዳን በሌለው ቤት ውስጥ በአልጋቸው ሥር ገብተው አደሩ።

እኛ የደረስነው በሦስተኛው ቀን ነው። ምስማሮቹ ቈባቸውን እንደ ያዙ በእንጨቱ ላይ ተሰልፈው ቀርተዋል። ተቀድዶ የሄደው ቈርቈሮው ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ቈርቈሮው ከነሞራሌው ተነቅሎ ከእርሻ ላይ ወድቋል፤ ሞራሌውን ከወራጁ፣ ወራጁንም ከግድግዳው የሚያስር ነገር አልነበረምና። ግድግዳው አንድ ድንጋይ እንኳ አልወደቀበትም። በወንጌል በአሸዋ ላይ ስለ ተሠራው ቤት የተነገረውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እኛም መሠረቱን ከዐለት ላይ አድርገን ነበር፤ ክዳኑን ግን በአየር ላይ ተውነው።

እናታችንን ለማጽናናት «እናቴ፣ በቶሎ ደግመን እናከድነዋለን፤ አይዘኑ» አልን። እሳቸውም ዐይናቸውን ከሕፃኑ እግር ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ይህን ቤት የሠራኸው ለመንገደኛ ነው፤ እሱ አይቶታል፣ አመስግኖሃል። እኔ ግን ገና ቤት አልተሠራልኝም» አሉን። መልስ አጣን።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን በነጋዴው ላይ የክስ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርን። ከሳሽ ብለን ስማችንን፣ ተከሳሽ ብለን ስሙን ጻፍን። የክሱ ምክንያት ከሚለው ስንደርስ ግን ብዕራችን ቆመ። ደረሰኙን አውጥተን ብናይ «ቈርቈሮ 60» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ውፍረቱ አልተጻፈም። ከሠራተኛው ጋራ ያደረግነው ውልም ክዳኑ በምን እንዲታሰር አይናገርም። የነጋዴው ቃል ሐሰት ነበር፤ ነገር ግን ቍጥሩ ሳይደበቅ በብረቱ ላይ ታትሞ ሳለ ያላነበብን እኛ ነን። ማመልከቻውን ቀደድነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን፣ ያሳለፍናቸው ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ይህን ነገር አስቀድመው አስተምረውን የነበረ መሆኑ ነው። በልጅነታችን ቅኔ ስንማር እንደ ሌላው የቆሎ ተማሪ ጎጇችንን የምንሠራ ራሳችን ነበርን። የኔታ በጎጆዎቹ መካከል እየተመላለሱ ክዳኑን በበትራቸው ይነቀንቁና፣ «ሣሩ የነፋስ ነው፤ ያንተ ማሰሪያው ብቻ ነው» ይሉን ነበር። በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ መምህራችን ቀጭን ወረቀት ከከንፈራቸው በታች ይዘው በላዩ እፍ ሲሉ፣ ወረቀቱ ይወርዳል ስንል ተነሣ። ነፋስ በክዳን ላይ ሲያልፍ እንዲሁ እንደሚያነሣው አስረዱን። እኛም በደብተራችን ጻፍነው፤ ፈተናውንም አለፍን። ለእናታችን ቤት ስናሠራ ግን የኔታም መምህሩም ትዝ አላሉንም።

ነገሩን በቍጥር ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጣል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ፣ አየሩ በሳሳበት ደጋ እንኳ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ30 ኪሎ ክብደት የሚበልጥ ኀይል አለው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ የሆነ እንደ ሆነ ኀይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ደኅና የሚባለው ቈርቈሮ ግን በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የእኛ ዐይነቱም ከዚያ ያንሳል። እንግዲህ የብረት ክዳን በክብደቱ በቤቱ ላይ ይቀመጣል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። ነፋሱ ከላይ ሲስብ፣ በተከፈተ በር የገባውም ከውስጥ ሲገፋ፣ ክዳኑን ይዞ የሚያስቀረው ማሰሪያው ነው።

ይህ ስሕተት በትምህርት የበለጸጉ አገሮችንም አሳስቷል። በአውስትራሊያ ሰሜን ዳርዊን የምትባል ከተማ አለች። ታኅሣሥ 16 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 የልደት በዓል ቀን፣ ትሬሲ የተባለ ዐውሎ ነፋስ መታት። በአውሮፕላን ጣቢያው የነበረው የነፋስ መለኪያ በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር ከመዘገበ በኋላ ተበላሸ። ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከከተማዪቱ ቤቶች ከመቶው 70 የሚበልጡት ፈረሱ። ከ30 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብም ከተማዪቱን ለቆ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰደ። ብዙዎቹ ቤቶች በቀጭን ብረት የተከደኑ ነበሩ።

ጆርጅ ዎከር የተባለው መሐንዲስ ፍርስራሹን መርምሮ ምክንያቱን ጻፈ። ብዙዎቹ ክዳኖች በአንድ ታላቅ ምት አልተሸነፉም። ነፋሱ እየበረታና እየላላ ቈርቈሮውን ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ ሲያንቀጠቅጠው፣ በብሎኑ ዙሪያ ያለው ብረት ደክሞ ተሰነጠቀ። ቀጭን ሽቦ በእጅ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ቈይቶ እንደሚሰበር ማለት ነው። ብሎኑ በእንጨቱ ላይ ቀረ፤ ቈርቈሮው ቀዳዳውን አስፍቶ ሄደ። ይህን ባነበብን ጊዜ በእናታችን ቤት ላይ ተሰልፈው ያየናቸው ምስማሮች፣ እንደ ከበሮ ተመታ የተባለውም ሩብ ሰዓት ታሰቡን። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1977 በዚያው አገር ታውንስቪል በምትባል ከተማ የዐውሎ ነፋስ መፈተኛ ጣቢያ ቆመ። ከዚያም ወዲህ ቈርቈሮና ማያዣው በሚመላለስ ግፊት ደጋግሞ እየተናወጠ ይፈተን ጀመር። እርግጥ ነው፣ የባሕሩ ዐውሎ ነፋስ ወደ እኛ ደጋ አይደርስም። ነገር ግን የብረቱ ድካም በዚያም በዚህም አንድ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ቤቱን ደግመን ለመሥራት ስንነሣ እናታችን የሣሩ ቤት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ሣር እንደማይገኝ፣ የመብረቁም እሳት እንዳለ ስናስረዳቸው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያው የሚያብረቀርቅ አታምጣብኝ፤ በነፋስ ጊዜ ዝም የሚል አምጣልኝ» አሉ። አንድ ሽማግሌ አናጢና አንድ ወጣት በያጅ ቀጥረን ያደረግነውን ከዚህ በታች በተራ እንገልጻለን።

አንደኛ፣ ስለ ቦታው። ከአፋፉ 100 ርምጃ ያህል ወደ ኋላ ተመልሰን ከአንድ ጉብታ ጀርባ ሠራን። ቆላው አይታይም፤ ነፋሱም በሙሉ ኀይሉ አያገኘንም። ባሕር ዛፍ ነፋስ እንዲያበርድ ተከልን፤ ነገር ግን ቢወድቅ ከክዳኑ እንዳይደርስ ከቁመቱ አርቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅርጹ። ክዳኑ በአራቱም ወገን እንዲወርድ፣ ቍልቍለቱም ከፍ እንዲል አደረግን። በሁለት ወገን ብቻ ከሚወርድና ለጥ ካለው ይልቅ እንዲህ ያለውን ነፋስ ለመያዝ ይቸገራል፤ የአባታችንንም ክብ ቤት ጠባይ ይመስላል። የክዳኑን ጫፍ ከግድግዳ አንድ ክንድ ብቻ አወጣን። ለመቀመጫ የምትሆነው በረንዳ የራስዋ ትንሽ ክዳን ተሠራላት፤ ነፋስ ቢነቅላትም ዋናውን ክዳን ይዛ እንዳትሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ውፍረቱ። ሄንሪ ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1829 የቈርቈሮን ፈጠራ ለንደን ላይ በስሙ አስመዘገበ። የፈጠራውም ምስጢር ማጠፍ ነው። ልሙጥ ወረቀት አይቆምም፤ ሲታጠፍ ግን ይቆማል። ነገር ግን ብረቱ ራሱ ከሳሳ ማጠፉ ብቻ አያድነውም። በረዶ ያጐደጕደዋል፤ ምስማሩም ይቀደዋል። አሁን የገዛነው ባለ 28 ቍጥሩን ነው፤ ውፍረቱ ከሚሊሜትር ዐሥር እጅ አራት እጅ ገደማ ነው። ቍጥሩንም አላመንነውም፤ በያጁ መለኪያ ይዞ መጥቶ ለካው። ገንዘባችን ለ60 ስላልበቃ ቤቱ የ45 ቈርቈሮ ሆነ። አንድ ክፍል ቀረ፤ የቀረውም ጸና።

አራተኛ፣ ስለ ቅቡ። ብረት ብቻውን ይዝጋል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1837 ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከር ጥበብን በፈረንሳይ አገር አስመዘገበ። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል። ዛሬ ከመቶው 55 እጅ አሉሚኒየም የሆነ፣ የቀረውም አብዛኛው ዚንክ የሆነ ቅብ ደግሞ አለ፤ በብዙ ስፍራ ይበልጥ ይቈያል። ሁሉም ግን ጠላት አላቸው። የከብት በረት እንፋሎት፣ ርጥብ ኖራና ሲሚንቶ ቅቡን ይበሉታል። ተደራርቦ ዝናብ የገባበት ቈርቈሮም ገና ሳይከደን ነጭ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ክምሩ የት እንዳደረ ማየት ይገባል።

አምስተኛ፣ ስለ ማሰሪያው። ዋናው ነገር ይህ ነው። ልሙጥ ምስማሩን ትተን፣ ከሥሩ ሰፊ ቆብና ጎማ ያለው ባለ ጥርስ ብሎን ወሰድን። ውሃ እንዳይገባም ከቈርቈሮው ጕብታ ላይ አሰርነው። የነፋስ ስበት ከሁሉ የሚበረታው በክዳኑ ጠርዝ፣ በማዕዘኑና በኮልሞው ላይ ስለ ሆነ፣ በመካከል አንድ ጕብታ እየዘለልን ያሰርነውን በጠርዝ ሳንዘል በእያንዳንዱ ላይ አሰርን። ሞራሌውን ከወራጁ ጋራ በብረት ጥፍር፣ ወራጁንም ከግድግዳው ራስ ጋራ አያያዝን። ግድግዳውም ብቻውን እንዳይቀር፣ ከመሠረቱ አርማታ ውስጥ ተቀብሮ በድንጋዩ መካከል የሚወጣ ፌሮ በየማዕዘኑና በየመካከሉ አቆምን፤ ጫፉም ክዳኑን ይዟል። ሽማግሌው አናጢ ሥራው ሲያልቅ፣ «አሁን ነፋሱ ክዳኑን ለመውሰድ መሠረቱን መንቀል አለበት» አሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይኸው ነው። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት የላላ እንደ ሆነ ግን የቀሩት ሁሉ ከንቱ ናቸው።

ስድስተኛ፣ ስለ በርና መስኮት። በሩን ከገደሉ ወገን አዞርነው። ከውስጥ የሚወድቅ ጽኑ መወርወሪያ አበጀንለት፤ መስኮቶቹም የእንጨት መዝጊያ አላቸው። የመጀመሪያው ክዳን የጠፋው ግማሹ በበሩ በኩል ነው።

ሰባተኛ፣ ስለ መብረቅ፣ ስለ ብርድና ስለ ድምፅ። ብረት መብረቅን ይጠራል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መብረቅ የሚመርጠው ከፍ ያለውን ቦታና ከፍ ያለውን ነገር ነው፤ የብረት ክዳን ስለ ሆነ ብቻ ከሌላው ይልቅ አይመታም። ቢመታም እንደ ሣር አይነድም። ሆኖም የመብረቁ ኀይል ወደ ምድር የሚወርድበት መንገድ ስለሚያሻው፣ ባለሙያ ጠርተን ክዳኑን በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋራ አገናኘነው። በብርድ ሌሊት የሰው ትንፋሽ በቈርቈሮው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ የበረዶውም ድምፅ ጆሮ ያደነቍራል። ለሁለቱም መድኀኒቱ አየር ማለፊያ የተተወለት ኮርኒስ ነው።

ይህን ሁሉ በውል አስጻፍነው። የቈርቈሮው ቍጥርና ውፍረት፣ የቅቡ ዐይነት፣ የብሎኑ ብዛት፣ የፌሮው ርዝመት በየተራው ተጻፈ። በያጁ መጀመሪያ ቅር አለው፤ በኋላ ግን «ጌታዬ፣ ይህ ውል እኔንም ይጠብቀኛል፤ ሰው ርካሹን አሠርቶ ነፋስ ሲወስድበት የሚከሰው እኔን ነውና» አለን። እውነቱን ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፣ ከእናንተ መካከል ለራሳችሁ ከምታሠሩት ቤት ሌላ ለሕዝብ የሚሆን ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የእህል ጎተራ የምታሳንጹ ብዙዎች ናችሁ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቤቶች አጥንታቸውም ልብሳቸውም ብረት እየሆነ በአጭር ጊዜ ይቆማሉ። መልካም ነው፤ ብረት ምስጥ አይበላውም፣ እሳትም አያቀጣጥለውም። ነገር ግን የብረት ቤት ሰፊ በርና ቀላል ክብደት ያለው ስለ ሆነ ነፋስ ከሌላው ቤት ይልቅ በኀይል ይፈትነዋል። ስለዚህ ሻጩ የቤቱን ስፋትና ዋጋ ሲነግራችሁ፣ ለስንት ኪሎ ሜትር ነፋስ እንደ ተሰላ፣ ምሰሶዎቹ በአርማታው ውስጥ ምን ያህል እንደ ገቡ፣ በሩ ሲከፈት የሚሆነው ግፊት ታስቦ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ለአንድ አገር የተሰላ ቤት ለሌላው አይሆንም፤ ለአዋሽ ሜዳ የሚበቃው ለጣርማ በር አይበቃም። በትምህርት ቤት ክዳን ላይ የሚቈጠበው ጥቂት ብር ከሥሩ በተቀመጡት ልጆች አካል ላይ ሊከፈል ይችላል። እኛ ከፍለን አይተነዋል።

በ2010 ዓ.ም. በሰኔ እናታችንን ልንጠይቅ ሄደን ሳለ የዚያ ዐይነት ነፋስ በሌሊት ተነሣ። በረዶው ኮርኒሱን ዘልቆ ይሰማ ነበር። ክዳኑ ግን አልተንቀጠቀጠም። እኛ ተነሥተን ተቀመጥን። የእኅታችንም ልጅ ያን ጊዜ 14 ዓመት ሆኖት ነበርና እሱም ተነሥቶ ዐይኑን ወደ ላይ አድርጎ ከአጠገባችን ተቀመጠ። ምንም ሳንነጋገር ነፋሱ እስኪያልፍ ቈየን። እናታችንን ግን ብናያቸው ተኝተዋል።

ያ ልጅ አሁን ጐልማሳ ሆኗል። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል መሰላል ያቆምና እያነከሰ ወጥቶ የክዳኑን ብሎኖች አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ የላላውን ያጠብቃል፤ ጎማው የተበላውን ይለውጣል። አንድ ቀን ከታች መሰላሉን ይዘንለት ሳለ፣ «አጎቴ፣ ያን ጊዜ እንዲህ የሚፈትሽ ሰው ቢኖር ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀን። «ለመፈተሽ የሚበቃ ነገር አልሠራንም ነበር» ብለን መለስንለት። እሱም ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ብሎን አለፈ።